ሰርቨሩ የሚጽፈው መዝገብ

ባለፈው ሳምንት ስለ ላባችን ሰርቨር ሁለት መስመር ጽፌ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ኢንቦክሴ ሞላ። ግማሹ «ቲቸር፣ ሎግ ምንድነው?» ይላል፣ ግማሹ «ስክሪፕቱን ላክልኝ» ይላል። ለሁሉም በየተራ ከምመልስ እዚሁ በአንዴ ልጻፈው። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ፕሮግራሚንግ የማትወዱ መሃሉን ዝለሉት፤ መጨረሻው ላይ ግን እናንተን የሚመለከት ነገር አለ።

ለማታውቁት፣ ላባችን ጥግ ላይ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ አለ። ስክሪን የለው፣ ኪቦርድ የለው። ኡቡንቱ ተጭኖበት በላዩ ላይ አፓቺ የሚባለው የድረ ገጽ ሰርቨር ይሠራል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በፒዲኤፍ፣ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች፣ መምህራን ያዘጋጇቸው ኖቶች፣ ከኪዊክስ የወረደ ዊኪፒዲያ ተጭኖበታል። ተማሪው በላቡ ኮምፒውተር ወይም በስልኩ በዋይፋይ ገብቶ ያነባል። አንድ የታተመ መጽሐፍ ለሦስት ለአራት ልጅ በሚደርስበት ጊዜ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

አፓቺ አንድ ደስ የሚል ጠባይ አለው። የተጠየቀውን ሁሉ ይመዘግባል። ግቢ በር ላይ ያለው የጥበቃ መዝገብ እንዴት ነው? ማን ገባ፣ ስንት ሰዓት ገባ፣ ማንን ፈልጎ፣ አገኘ ወይስ ተመለሰ። ሎግ ማለት ይኸው ነው። አንዷን መስመር በእኛ ፊደል ብጽፋት ይሄን ትመስላለች፦

192.168.1.23 - - [14/ማርች/2025:13:07:41 +0300] «ጌት /መጻሕፍት/ፊዚክስ-11.ፒዲኤፍ» 206 65536

የመጀመሪያው ቁጥር የጠየቀው ኮምፒውተር ወይም ስልክ አድራሻ ነው። ሁለቱ ሰረዞች እኛ የማንጠቀምበት የስም ቦታ ናቸው። ቀጥሎ ቀንና ሰዓት። ቀጥሎ የተጠየቀው ፋይል። 206 ማለት «ከፋይሉ ቁራጭ ሰጥቼዋለሁ» ነው። የመጨረሻው ቁጥር የተላከው መጠን ነው፣ በባይት። 200 ቢሆን «ሙሉውን ሰጠሁት»፣ 404 ቢሆን «እንዲህ ያለ ነገር የለኝም»፣ 304 ቢሆን «ያኔ የወሰድከው አልተለወጠም፣ እሱኑ ተጠቀም» ማለት ነበር። በቃ፣ ሎግ ማንበብ ተማራችሁ።

ወደ ዳታቤዝ መጫኑ ለምን አስፈለገ? አንድ ስብሰባ ላይ «ላቡን ተማሪ እየተጠቀመበት አይደለም፣ ክፍሉ ለዕቃ ማስቀመጫ ይሁን» የሚል ሐሳብ ተነሣ። እኔ ይጠቀማሉ አልኩ። ሌሎች አይጠቀሙም አሉ። ሁለታችንም በእጃችን ምንም ማስረጃ የለም፣ ያለን ድምፅ ብቻ ነው። በወሩ መጨረሻ ይታያል ተብሎ ተበተንን። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2016 በከፊል በኦንላይን መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ማውዝ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ ፈተና ክፍል ሲገባ ምን እንደሚሰማው አስቡት። ለእኔ ክፍሉ የክፍል ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

ሰርቨሩ እየጻፈ እንደሆነ አውቃለሁ። ችግሩ የጻፈውን አያስቀምጥም። ኡቡንቱ ላይ አፓቺ ሲጫን ሎጉ በየቀኑ ይዘጋና አዲስ ይከፈታል፤ የቆዩት ይጨመቃሉ፤ 14 ብቻ ይቀመጡና ከዚያ የቆየው ይጠፋል። የወር ነገር ለማውራት ደግሞ ወር ሙሉ መያዝ ያስፈልጋል። ፋይሎቹን ዝም ብሎ ኮፒ ማድረግ ይቻላል፤ ግን 30 የጽሑፍ ፋይል ይዞ «ከሰዓት በኋላ የሚበዛው የትኛው መጽሐፍ ነው?» ብሎ መጠየቅ አይቻልም። ዳታቤዝ የሚጠየቅ ነገር ነው። ስለዚህ ፓይተንና ኤስኪውላይት። ኤስኪውላይት ከፓይተን ጋር አብሮ ስለሚመጣ ሌላ የሚወርድ ነገር የለም፣ ኢንተርኔት በሌለበት ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ዳታቤዙ ራሱ አንድ ፋይል ነው፣ በፍላሽ ይያዛል።

አሁን ወደ ስክሪፕቱ። ሥራው ሲወራ ቀላል ነው። ፋይሉን ክፈት፣ መስመሩን በሪጀክስ በየክፍሉ ቆራርጥ፣ ሠንጠረዥ ውስጥ አስገባ። ዕድሜዬን የበላው ግን ዙሪያው ያለው ነው።

አንደኛ ፍጥነት። መስመር በመስመር እያስገባችሁ በየመስመሩ «አጽድቅ» ካላችሁት ቁጭ ብላችሁ ታረጃላችሁ። ኤስኪውላይት ባጸደቀ ቁጥር መረጃው በእርግጥ ዲስኩ ላይ መቀመጡን እስኪያረጋግጥ ይጠብቃል። የራሱ ሰነድ እንደሚለው በተራ ኮምፒውተር በሰከንድ 50,000 መስመር ማስገባት ሲችል፣ ማጽደቅ የሚችለው ግን ጥቂት ደርዘን ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ ለማስፈጨት በየጣሳው ወፍጮ ቤት እንደመመላለስ ነው። ሙሉ ፋይሉን በአንድ ትራንዛክሽን አስገብታችሁ መጨረሻ ላይ አንዴ አጽድቁ። ሌላም ጥቅም አለው፤ መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ፋይሉ ወይ ሙሉ በሙሉ ገብቷል ወይ ጨርሶ አልገባም። ግማሽ የገባ ፋይል የሚባል ጣጣ የለም። መብራት እንዴት እንደሚጠፋ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ሁለተኛ፣ አንድ ፋይል ሁለቴ እንዳይገባ። ሁለቴ ከገባ ተጠቃሚው እጥፍ ይሆናል፣ ያኔ ቁጥሩን የሚያምን የለም። የፋይሉን ስም መዝግቦ መያዝ አይበቃም፤ ምክንያቱም የትናንቱ «.1» የተባለው ነገ «.2» ይባልና ይጨመቃል። ስሙ በየቀኑ ይቀየራል። «ተመሳሳይ መስመር አታስገባ» ማለትም አያዋጣም፤ የሎጉ ሰዓት ከሰከንድ በታች አይወርድም፣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሁለት ትክክለኛ ተመሳሳይ መስመሮች ሊኖሩ ይችላሉ። የኔ ስክሪፕት የተዘጉትን ፋይሎች ብቻ ይወስዳል፣ የተጨመቀውን ይፈታል፣ ከውስጡ ይዘት ላይ የጣት አሻራ የመሰለ ኮድ ያወጣል፣ አሻራውን ከዚህ በፊት ካየው ያልፈዋል። ስሙ ምንም ይሁን።

ሦስተኛ፣ ተማሪ የጻፈውን ነገር አትመኑ። መፈለጊያ ሳጥን ውስጥ የሚጻፈው ሁሉ ሎጉ ውስጥ ይገባል፣ ጥቅስ ምልክቱም ጭምር። ዓረፍተ ነገሩን እየቀጣጠላችሁ ለዳታቤዙ ከሰጣችሁት አንድ ቀን ይፈነዳል። ቦታ ያዥ ምልክት ተጠቀሙ። ያልተነበበ መስመር ካለ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትጣሉት፤ ለብቻ ፋይል ውስጥ አስቀምጡና ስንት እንደሆኑ ስክሪፕቱ ይናገር።

አራተኛው የኛ ሀገር ነገር ነው፣ ትንሽ ልቆይበት። ሰዓት። ሎጉ 13:07 ሲል እኛ ጋ 7 ሰዓት ከ7 ነው፣ የምሳ ዕረፍት። ይሄ ስድስት ሰዓት መቀነስ ነው፣ ቀላል። ወሩ ግን ቀላል አይደለም። የፈረንጁን ጃንዋሪ እንደ አንድ ወር ከቆጠርኩ ታኅሣሥና ጥር ይደባለቁብኛል፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ፈተናውንም፣ ሪፖርቱንም፣ ዕረፍቱንም የሚቆጥረው በኛ ወር ነው። ስለዚህ ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚመልስ ትንሽ ፈንክሽን ጻፍኩ። ጳጉሜን አትርሱ። 2015 ላይ ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች፣ ስለዚህ የ2016 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው። «ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው» ብሎ የተጻፈ ኮድ በየአራት ዓመቱ ይዋሻል።

ከዚህ የባሰም አለ። የሰርቨሩ እናት ቦርድ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ሞታለች። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ራሱን 2010 ላይ ያገኘዋል። ኢንተርኔት ቢኖረው ሰዓቱን ጠይቆ ያስተካክል ነበር፤ የለውም። እናላችሁ ሎጉ ውስጥ ያልተወለዱ ተማሪዎች መጽሐፍ ሲያነቡ ታገኛላችሁ። መስመሮቹ ሐሰት አይደሉም፣ ልጁ በእርግጥ አንብቧል፤ ሰዓቱ ነው የተበላሸው። እንዲህ ያሉትን አልሰረዝኳቸውም። ሠንጠረዡ ላይ «ሰዓቱ አይታመንም» የሚል አንድ ዓምድ ጨመርኩ። በቀን ሲቆጠር አይገቡም፣ በመጽሐፍ ሲቆጠር ይገባሉ። ከዚያ ባትሪዋን ገዝቼ ቀየርኩ፣ ከስክሪፕቱ ሁሉ የሚቀለው ጥገና እሱ ነበር።

ወሩ አለቀ። የየካቲት ወር ብቻ 61 ሺህ ገደማ መስመር ዳታቤዙ ውስጥ ተቀመጠ።

እዚህ ጋ ፈተና አለ። «61 ሺህ ጊዜ ተጠቅመዋል» ብዬ ስብሰባ ልገባ እችል ነበር። ማንም አያጣራም። ጓደኞቼም «በለው፣ ቁጥሩን አሳያቸው» አሉኝ። ግን እኔ ሒሳቡን አውቀዋለሁ። አንድ ገጽ ሲከፈት ምስሉ፣ የቅርጽ ፋይሉ፣ ትንሿ ምልክት ሳትቀር ለየብቻቸው ይጠየቃሉ። ፒዲኤፍማ ብሶበታል፤ ብራውዘሩ መጽሐፉን በአንዴ አይወስደውም፣ ቁራጭ ቁራጭ እያደረገ ይጠይቃል፤ ያ 206 የምትሉት እሱ ነው። አንድ ልጅ አንድ መጽሐፍ ሲያገላብጥ በደርዘን የሚቆጠር መስመር ሊፈጠር ይችላል። ስለዚህ ደንብ አወጣሁ። ምስልና ቅርጽ አይቆጠርም። እኔ ስሞክር የተፈጠረው አይቆጠርም። ያው መሣሪያ ያንኑ መጽሐፍ በ30 ደቂቃ ውስጥ ደጋግሞ ከጠየቀ እንደ አንድ መክፈት ይቆጠራል። የቀረው 4 ሺህ ገደማ ሆነ።

ከ61 ሺህ 4 ሺህ። መጀመሪያ ሳየው ቅር አለኝ፣ አልዋሽም። ግን 4 ሺህው እውነተኛ ነው። እንዲያውም ያንሳል፤ ምክንያቱም በአንድ ስክሪን ፊት ሁለት ሦስት ልጆች ተጠጋግተው ሲቀመጡ ሎጉ የሚያየው አንድ መሣሪያ ነው። ይሄንንም ወረቀቱ ላይ ጻፍኩት፣ 61 ሺህውንም ጻፍኩት፣ እንዴት እንደቀነስኩም ጻፍኩት። ደግሞ ቁጥሩ የነገረኝ ያልጠበቅኩት ነገር ነበር፤ ትልቁ ግርግር የሚገኘው በክፍለ ጊዜ አይደለም። በምሳ ዕረፍትና ከትምህርት መልስ ነው፣ ላቡን ዞር ብሎ የሚያይ ሰው በማይኖርበት ሰዓት። «ባዶ ነው» ያሉት ሰዎችም ያዩትን ነው የተናገሩት። እነሱ የሚያልፉት ጠዋት ነው።

ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን በትዕግሥት አነበቡ። ከዚያ ቀና ብለው እንዲህ ተባባልን።

«መምህር፣ ይሄ እያንዳንዱ ተማሪ ምን እንደከፈተ ያሳያል?»

«አያሳይም።»

«ማሳየት ይችላል ወይ?»

«ይችል ነበር። እንዳይችል አድርጌ ነው የጻፍኩት።»

ይሄን ትንሽ ላብራራ፣ ለጽሑፉም ዋናው ምክንያት እሱ ስለሆነ። የላቡ ኮምፒውተሮች አድራሻቸው ቋሚ ነው። በር ላይ ደግሞ ማን የትኛው ኮምፒውተር ላይ እንደተቀመጠ የሚጻፍበት ደብተር አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ሎጉ የስም ዝርዝር ይሆናል። ስክሪፕቱን በመጀመሪያው ቀን ስሞክር ዓይኔ ያረፈባቸው ፍለጋዎች ነበሩ። «የወር አበባ»፣ በምሳ ሰዓት፣ አራት ጊዜ። «ድብርት»፣ ከትምህርት መልስ። ደብተሩ ከእጄ ሁለት ክንድ ላይ ነበር። ሄጄ አልከፈትኩትም፤ ግን መክፈት እንደምችል ማወቄ ራሱ ከበደኝ። ልጅቷ መጽሐፍ የጠየቀችው ሰው መጠየቅ አፍራ ይሆናል። ያንን እኔ በሠንጠረዥ አስቀምጬ ለስብሰባ ላቅርበው?

አድራሻውን ወደ ኮድ መቀየር ብቻ አይበቃም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያቆማል። እንደኛ ባለ የውስጥ ኔትወርክ ያሉት አድራሻዎች 254 ብቻ ናቸው፤ ሁሉንም በየተራ ወደ ኮድ ቀይሮ ማመሳከር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የኔ ስክሪፕት አንድ ፋይል ሲጭን በዘፈቀደ አንድ ረጅም ቁጥር ይፈጥራል፣ አድራሻውን ከሱ ጋር ቀላቅሎ ኮድ ያወጣል፣ ሥራው ሲያልቅ ቁጥሩን የትም ሳይጽፍ ይረሳዋል። ስለዚህ በአንድ ቀን ውስጥ ስንት መሣሪያ እንደገባ ይቆጠራል፤ የዛሬውን ከነገው ማገናኘት ግን እኔም አልችልም። የተፈለጉት ቃላት ደግሞ ያለ ኮድና ያለ ሰዓት ለብቻቸው ሠንጠረዥ ውስጥ ይገባሉ፣ ቃሉና ስንት ጊዜ እንደተፈለገ ብቻ። ዋናው ሎግ በ14 ቀን ራሱ ይጠፋል፣ ይጥፋ።

ርዕሰ መምህሩ አልተቆጡም። «ልጆቹ የማይሆን ነገር ቢያዩስ? ወላጅ የሚጠይቀው እኛን ነው» አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ እኔም አባት ነኝ። «ሰርቨሩ ላይ ያለው እኛ የጫንነው ብቻ ነው» አልኳቸው፤ «የማይሆን ገጽ ካለ ይንገሩኝ፣ ገጹን አወጣለሁ። ልጁን ግን አላወጣም።» ትንሽ ዝም አሉና ወረቀቱን አጠፉት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚባል ሕግ ወጥቷል፤ አንስቼው ነበር፣ ግን የሠራው ሕጉ አልመሰለኝም። የሁላችንም ልጅ አንድ ቀን የሆነ ነገር ማንም ሳያየው ማንበብ ይፈልጋል።

«ድብርት» ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ማን እንደሆነ ባውቅ ሄጄ አናግረው ነበር፣ ወይ አናግራት ነበር። ሚዛኑ ከባድ ነው፤ ከባድ አይደለም የሚለኝ ሰው ካለ አስተማሪ ሆኖ አያውቅም። ያደረግኩት ይሄን ነው። የምክር አገልግሎት የምትሰጠዋን ባልደረባዬን ለመንኳት፣ እሷ በየክፍሉ እየዞረች ለሁሉም እኩል አወራች፣ ቢሮዋ የት እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደምትገኝ ነገረቻቸው። ያንኑ ጽሑፍ ሰርቨሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አደረግኩት። ገጹ እየተከፈተ ነው። በማን እንደሆነ አላውቅም።

ክፍሉ ለጊዜው ተርፏል። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ላብ ሆኖ ይቆያል፣ ያኔ እንደገና ይታያል ተብሏል።

አሁን እናንተን ወደሚመለከተው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ መጻሕፍቱም በእንግሊዝኛ ናቸው። የተፈለጉትን ቃላት ሳወጣ ግን ከግማሽ በላዩ አማርኛ ነው። መጀመሪያ አማርኛ መሆኑ ራሱ አይታይም፤ ሎጉ ፊደላችንን እንዳለ አይጽፈውም፣ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ስለሆነና እያንዳንዱ ባይት በሦስት ምልክት ስለሚጻፍ «ፀሐይ» የምትለው 27 ምልክት ሆና ትወጣለች። ፈትቼ ሳየው ልጁ የፈለገው «ስርአተ ጸሀይ» ነው፣ የኛ ርዕስ «ሥርዓተ ፀሐይ» ይላል፣ መፈለጊያው «የለም» ብሎ መልሶታል። መኖርስ አለ! ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት ብታፈራርቁ ይሄን አንድ ርዕስ በ96 ዓይነት መጻፍ ይቻላል። ሁለት ዓይነት «ስ»፣ አራት ዓይነት «አ»፣ ሁለት ዓይነት «ጸ»፣ ስድስት ዓይነት «ሀ»፤ አባዙት። አሁን መፈለጊያው ሁለቱንም ወገን ወደ አንድ ፊደል ቀይሮ ነው የሚያመሳክረው። የአማርኛ መምህራችን «ሆሄያችንን ገደልክ» ብሎኛል። ጋሼ፣ ርዕሱ ላይ ትክክለኛው ሆሄ እንዳለ ነው፣ ልጁ አግኝቶት ያንብበው ብዬ ነው።

ፊደሉ ከተስተካከለ በኋላም ያልተገኙ አሉ። የተፈለጉትን ቃላት ከርዕሶች ሠንጠረዥ ጋር አጋጥሜ፣ ብዙ ጊዜ ተፈልገው የሌሉንን አወጣሁ። ከላይ ያሉት እነዚህ ናቸው፦ የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ መልመጃ ከነአሠራሩ፣ በአማርኛ የተብራራ የኬሚስትሪ ሞል ስሌት፣ «እንግሊዝኛ ግራመር በአማርኛ»፣ እና ከ2014 በፊት የነበሩ የሒሳብ ፈተናዎች መልስ። የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ፣ የጨረሳችሁም፣ ደብተራችሁ የት ነው? በእጅ የተጻፈም ቢሆን በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ አምጡልኝ፣ እኔ አስተካክዬ እጭነዋለሁ። ስክሪፕቱን የምትፈልጉም ፍላሽ ይዛችሁ ኑ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ ላብ ውስጥ ነኝ፤ ጥበቃው ካላስገባችሁ የኔን ስም ጥሩለት።